ካርታው ሲያኮርፍ

አምስት ምሽት በተከታታይ የተበላ ሰው ከካዚኖ ሲወጣ መኪናው ጋ እስኪደርስ አንድ ጥያቄ ያመነዥካል፦ «ዕድሌ ነው ወይስ እኔው ራሴ?» ጥያቄው የሆድ ብሶት ይመስላል እንጂ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሒሳቡ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ከጨዋታው ይጥማል።

ላስ ቬጋስ እንሂድ። ከተማው ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ታክሲ የሚነዳው፣ ካርታ የሚያድለው ሐበሻ ብዙ ነው። እዚያ ተራ ሰው የሚቀመጥበት የፖከር ጠረጴዛ «አንድ-ሦስት» ይባላል፦ ካርታው ከመታደሉ በፊት አንዱ ተጫዋች 1 ዶላር፣ ቀጥሎ ያለው 3 ዶላር በግዴታ ያስቀምጣሉ። ካሽ ጌም ስለሆነ ቺፕሱ እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ ሲሻችሁ ትገባላችሁ፣ ሲሻችሁ ትነሣላችሁ። እንደ ውድድር መጨረሻ የሚባል ነገር የለውም። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እንበልና ጎበዝ ናችሁ፤ በረጅሙ ሲታይ በሰዓት 15 ዶላር ታተርፋላችሁ። ይህ ግን አማካይ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም። በዚህ ጠረጴዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ 150 ዶላር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዋዠቅ ያለ ነው። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብናሰላ፣ አምስት ሰዓት በተጫወታችሁበት ምሽት የመበላት ዕድላችሁ 40 በመቶ ገደማ ይሆናል። ልብ በሉ፣ የማወራው ስለ ጎበዙ ነው! በሳምንት አንድ ምሽት ብትጫወቱ ደግሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ አምስቱን ምሽት በተከታታይ የመበላታችሁ ነገር ዘውድ ወይስ ጎፈር እንደማለት ነው።

100 ሰዓት ከተጫወታችሁ በኋላስ? አሁንም በኪሳራ ላይ የመሆን ዕድላችሁ ከስድስት አንድ ያህል ነው። 400 ሰዓት ሲሞላ ነው ነገሩ ወደ ሁለት በመቶ የሚወርደው።

እኔን መጀመሪያ ያስደነቀኝ ግን ፍጥነቱ ነው። ካዚኖ ውስጥ ካርታውን ሰው በእጁ ስለሚያድል በሰዓት 30 ያህል ዙር ብቻ ትጫወታላችሁ፤ 100 ሰዓት ማለት 3,000 ዙር ነው። በኢንተርኔት አራት ጠረጴዛ በአንዴ የከፈተ ልጅ ይህን በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሰዋል። በሳምንት አንድ ምሽት ለሚጫወተው ሰው አምስት ወር ነው። እኩል መጥፎ ዕድል ለአንዱ የከፋ ቅዳሜና እሑድ፣ ለሌላው ከክረምት እስከ ጥምቀት የተዘረጋ እርግማን ይሆናል። አእምሯችን ደግሞ ዙር አይቆጥርም፤ ወር ነው የሚቆጥረው። አምስት ወር ሙሉ ሲሸነፍ የከረመ ሰው «3,000 ዙር ገና ምን አላት» ብሎ ራሱን ማጽናናት አይሆንለትም።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነገር። ካሽ ጌም መጨረሻ ከሌለው፣ «የዛሬ ማታ ሒሳብ» የሚባለው እኛው የፈጠርነው አጥር ነው። ሰው ግን አጥሩን ከምር ይወስደዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኪሳራው ጋር ያልታረቀ ሰው በሌላ ጊዜ የማይነካውን ቁማር እንደሚቀበል ጽፈዋል፤ ማስረጃቸውም የፈረስ እሽቅድምድም ነበር። ቀኑን ሲበላ የዋለ ሰው በመጨረሻው ሩጫ ላይ የማሸነፍ ተስፋው በመነመነ፣ ካሸነፈ ግን ብዙ በሚከፍለው ፈረስ ላይ ይወራረዳል። ፖከር ላይም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት «ያስገባሁትን ብቻ ልመልስ» የሚለው ሰውዬ ያው ነው። ስለዚህ ስንት ሲበላ እንደሚነሣ ቤቱ ሳለ፣ በተረጋጋ ልብ ይወስን። የጨዋታ ገንዘቡ ከሳሳም ወደ አነስተኛ ጠረጴዛ ይውረድ፤ የቤት ኪራይ ከነካ ግን ያ ፖከር መሆኑ አብቅቷል፣ ይቁም።

አንድ የማያስደስት ነገርም አለ። ካዚኖው ከየፖቱ፣ ማለትም በየዙሩ ጠረጴዛው ላይ ከተጠራቀመው ገንዘብ፣ ጥቂት ዶላር ይቆርጣል። በእንዲህ ያለ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ይህ ቁራጭ ብዙውን ሰው ከሳሪ ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ዕድሌ ጠመመ» ከሚሉት የብዙዎቹ ዕድል አልጠመመም፣ ጨዋታው ነው የጠመመው።

ታዲያ መጥፎ ዕድልና መጥፎ ጨዋታ እንዴት ይለያሉ? ውጤቱ እንደማይናገር አየን፤ መጠየቅ ያለበት ውሳኔው ነው። ሁለት ኤስ ይዛችሁ ሁለት ኪንግ ከያዘ ሰው ጋር፣ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ሳይገለጥ፣ ያላችሁን ሁሉ ብታስገቡ 82 በመቶ ታሸንፋላችሁ። የቀረው 18 በመቶ ዛሬ ቢመጣ ያጠፋችሁት ነገር የለም፤ ነገም ያንኑ ታደርጋላችሁ። በደካማ ካርታ እልህ ይዟችሁ ተከትላችሁ ያሸነፋችሁት ፖት ነው ሊያሳስባችሁ የሚገባው።

እኔ የምመክረው ደብተር ነው። የተጫወታችሁትን ሰዓት መዝግቡ፤ ከየምሽቱም ያስጨነቋችሁን ሁለት ሦስት ዙሮች ጻፉ፦ ማን የት ተቀምጦ ነበር፣ ማን ስንት አስገባ፣ እናንተ ምን አሰባችሁ። ገንዘቡ የገባበት ቅጽበት ላይ ስትደርሱ ብዕሩን አስቀምጡ። ያንን ገጽ ከእናንተ ለሚበልጥ ተጫዋች አሳዩትና እሱ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቁት። አንብቦ ሲጨርስ «ከዚያስ? ማን በላ?» ማለቱ አይቀርም። አትንገሩት።