ሁለተኛው ፊርማ የሌለበት ማዘዣ

ከቡሬ ወጣ ካለ ቀበሌ ተነስተው በሌሊት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የደረሱ አንድ የስኳር ሕመምተኛ አዛውንት እንበል። ኪኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል፤ ሜትፎርሚኑ፣ ግሊቤንክላማይዱ፣ የግፊቱም ተደበላልቋል። ፋርማሲስቱ በመስኮቱ ጎንበስ ይላል።

«አባባ፣ ሁዳዴን ይጾማሉ?»

«እንዴታ ልጄ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ብቻ ሰሞኑን ረፈድ ሲል እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል።»

ነገሩ ገብቶታል። ግሊቤንክላማይድ ሆድ ባዶ ነው ብሎ አይታገስም፤ ስኳሩን ማውረዱን ይቀጥላል። ግን ያለ ሐኪሙ ፈቃድ ማዘዣውን መንካት አይችልም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ገብቶ ከሆነ አዛውንቱ አግዳሚው ላይ ይጠብቃሉ፤ የቡሬው ሚኒባስ ግን አይጠብቅም። ግጭት መንገድ በዘጋ ሰሞን ደግሞ የዛሬው ቀጠሮ ከወር በኋላም ላይገኝ ይችላል።

አሜሪካኖች ለዚህ ውል አበጁለት። ዋሽንግተን ግዛት በ1979 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አሠራር ሐኪሙና ፋርማሲስቱ አስቀድመው እንዲፈራረሙ ያደርጋል፤ የትኛው መድኃኒት፣ እስከ ምን ድረስ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሕመምተኛው መቼ ወደ ሐኪሙ ይመለሳል። እንግሊዝ በ2006 እ.ኤ.አ. ከዚያም አልፋ የሠለጠኑ ፋርማሲስቶች ራሳቸው እንዲያዝዙ ፈቀደች።

እኛ ዘንድ ትምህርቱ መጣ፣ ሥልጣኑ ቀረ። ሕመምተኛውን ማዕከል ባደረገው የአምስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የሠለጠኑት ፋርማሲስቶች ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ተመርቀዋል። ክሊኒካል ፋርማሲስቱ ከሐኪሞች ጋር ራውንድ ይወጣል፣ ካርድ ያነባል፣ ምክር ይጽፋል። ምክሩ ተቀባይነት ማግኘቱ ግን በሁለቱ መግባባት ላይ የቆመ ነው፤ ሐኪሙ ሲዛወር መግባባቱም አብሮት ይዛወራል።

የሚገርመኝ፣ እነዚህ አዛውንት የመጡበት ጎጃም በመድኃኒት ጉዳይ ለአገር ያስተማረ መሆኑ ነው። የመድኃኒት ገቢና ወጪ ለኦዲት እንዲመች ያደረገው ኤፒቲኤስ የተባለው አሠራር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ፣ በሕግ ተደግፎ በየክልሉ ተዳርሷል። የመድኃኒቱ ብር ተጠያቂ አገኘ። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን እስከ ዛሬ በሰው በጎ ፈቃድ ነው የሚታየው።

የሐኪሞቹ ስጋት ከንቱ አይደለም፦ ሰው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው። ለስኳርና ለግፊት፣ በጾም ወራት፣ አንድ ገጽ ይበቃ ነበር።

እስከዚያው ፋርማሲስቱ ቁራጭ ወረቀት ይፈልጋል። «ዶክተር፣ እየጾሙ ነው፤ መጠኑን ቢያዩላቸው» ብሎ ይጽፋል። አዛውንቱ ወረቀቷን ከኪኒናቸው ጋር ቋጥረው ወደ ወረፋው ይመለሳሉ።