ኢሜይላችን ለምን ከደጃፍ ይመለሳል? የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ ጉዳይ

በአገር ቤት ሞት ሲደርስ እድርተኛውን የሚጠራው ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰፈሩ ሰውየውን ስለሚያውቀው «ማን ልኮህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። በውጭ አገር የሚገኙ እድሮች ግን አባሎቻቸው በሰፊ ከተማ የተበተኑ በመሆናቸው የጥሩምባውን ሥራ ለስልክ፣ ለአጭር መልእክትና ለኢሜይል ሰጥተዋል። ኢሜይል ተቀባዩ ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ሰፈር ሰው አይደለም፤ የማያውቀውን መልእክተኛ በር ላይ አቁሞ ማንነቱን ይመረምራል።

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በላስቬጋስ አካባቢ፣ በሄንደርሰን ከተማ ምዕራባዊ ክፍል ኢንስፒራዳ የተባለ የመኖሪያ መንደር አለ። በዚህ መንደር የሚኖር አንድ የእድር ጸሐፊ ለአባላት ማስታወቂያ የሚልክበት ሰርቨር ከአንድ ኩባንያ ተከራየ እንበል። ፕሮግራሙ በትክክል ተጭኗል፤ ከሌሎች የሚላክለትንም ኢሜይል ይቀበላል። ከእርሱ የሚወጣው ግን «550 5.7.25» የሚል ቁጥር ተለጥፎበት ይመለሳል። መልእክቱ የቀብር ሰዓት የሚገልጽ ከሆነ ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ዘግይቶ ቢደርስ እንኳ ሥርዓቱ አልፏል።

ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። 550 «አልቀበልም» ማለት ሲሆን፣ 5.7.25 ደግሞ የእምቢታው ምክንያት የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ ማጣሪያውን አለማለፍ መሆኑን ይገልጻል።

ዲኤንኤስ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ያበጀው የኢንተርኔት የስም መዝገብ ነው። ለሰው የሚመቸውን የዶሜይን ስም ለኮምፒውተር ወደሚያስፈልገው የአይፒ ቁጥር ይለውጣል። የተገላቢጦሹ መዝገብ ሥራውን ከሌላው ጫፍ ይጀምራል፤ ቁጥሩ ተሰጥቶት ስሙን ይመልሳል። ለዚህም የአድራሻው ቁጥሮች ከኋላ ወደ ፊት ይጻፋሉ። ለምሳሌ 192.0.2.25 የተባለው አድራሻ በመዝገቡ ውስጥ የሚፈለገው 25.2.0.192 ተብሎ ነው። በዚያ የሚገኘው ጽሑፍ የፒቲአር መዝገብ ይባላል።

ጥያቄው ለምን አስፈለገ? ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ የተጻፈው ተጠቃሚዎች ጥቂትና የሚተዋወቁ በነበሩበት ዘመን ነው፤ ላኪው ስሜ ይህ ነው ሲል ተቀባዩ ያምነው ነበር። ያልተፈለጉ መልእክቶች መረቡን ሲያጥለቀልቁ እምነቱ በማጣራት ተተካ። ጂሜይል ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላኪዎች ሁሉ ከስም ወደ ቁጥር፣ ከቁጥርም ወደ ስም የሚስማማ መዝገብ እንዲኖራቸው ይጠይቃል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መዝገቡን የሚጽፈው ማን እንደሆነ ባለማወቅ ነው። የዶሜይን ስሙ የእድሩ ንብረት ነው፤ ጸሐፊው በስሙ ሥር የፈለገውን ይመዘግባል። ቁጥሩ ግን የአከራዩ ነው። ተከራይ የቤቱን ካርታ በራሱ ስም ማዞር እንደማይችል ሁሉ፣ የሰርቨር ተከራይም ፒቲአሩን በዶሜይን ስሙ ገጽ ላይ ቢጽፈው ማንም አያየውም። በአሜሪካ የአይፒ ቁጥሮችን ለኩባንያዎች የሚያድለው አሪን፣ በአፍሪካ ደግሞ መቀመጫውን በሞሪሺየስ ያደረገው አፍሪኒክ ነው። የተገላቢጦሹ መዝገብ ሥልጣንም በዚሁ መስመር ይወርዳል። በአዲስ አበባ ከኢትዮ ቴሌኮም በተገኘ አድራሻ ሰርቨር የተከለ ድርጅትም መዝገቡን የሚያስጽፈው በአቅራቢው በኩል ነው።

መፍትሔውን በቅደም ተከተል መፈለግ ጊዜ ያተርፋል። በመጀመሪያ ተመልሶ የመጣውን መልእክት ማንበብና ተቀባዩ ያየውን የአይፒ ቁጥር መለየት ያስፈልጋል። ሰርቨሩ አሮጌውም አዲሱም ዓይነት አድራሻ፣ ማለትም አይፒቪ4 እና አይፒቪ6፣ ካለው ባልታሰበው በኩል ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስኮት ኤንኤስሉክአፕ ብሎ ቁጥሩን በማስከተል ስሙን መጠየቅ ነው። መልስ ከሌለ ችግሩ ተገኘ። መልስ ካለ ያንኑ ስም መልሶ መጠየቅና ወደ መነሻው ቁጥር መድረሱን ማረጋገጥ ይገባል። የሁለቱ መልሶች አለመስማማት ልክ እንደ መዝገብ አለመኖር ያስቆጥራል። ሰርቨሩ ሰላምታ ሲሰጥ ራሱን የሚጠራበት ስምም ከዚሁ ጋር ቢገጥም ይመረጣል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ አከራዩ ይሄዳል። አንዳንድ ኩባንያዎች ደንበኛው ራሱ የሚሞላበት ቦታ አላቸው፤ ሌሎች በቅጽ ማመልከት ይጠይቃሉ። ለውጡ ከተደረገም በኋላ አሮጌው መልስ በየኮምፒውተሩ ተቀምጦ ስለሚቆይ፣ ውጤቱ እስኪታይ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

ሰርቨሩን በራሱ ቤት ለመትከል የሚያስብ ሰው ግን ሌላ ግድግዳ ይጠብቀዋል። የመኖሪያ ቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎች በአብዛኛው ኢሜይል በሰርቨሮች መካከል የሚያልፍበትን በር 25 ይዘጋሉ፤ ፒቲአሩንም በደንበኛው ስም አይጽፉም። እንዲህ ሲሆን መልእክቱ እምቢ ተብሎ አይመለስም፤ ከወረፋ ሳይወጣ ይቀራል። የሚያዋጣው በበር 587 አድርጎ ወደታወቀ አስተላላፊ ድርጅት መላክ ነው።

ፒቲአር መታወቂያ እንጂ የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ኤስፒኤፍና ዲኪም የተባሉት ማረጋገጫዎችም ሊሟሉ ይገባል። ያለ እርሱ ግን ሌሎቹ የመታየት ዕድል ላያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ እድርም ሆነ ማኅበር ሰርቨር ሲከራይ ከዋጋው አስቀድሞ «ይህን ቁጥር በእኛ ስም ትጽፉልናላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ይመከራል። ጥያቄው ሐዘን ከመድረሱ በፊት፣ ጊዜ ሳለ ቢነሳ መልካም ነው።