በባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ላይ ጥፋቱ የማን ነው?

መኪናና ባቡር በተጋጩ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በመኪናው አሽከርካሪ ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስላል፤ ባቡር ሐዲዱን ለቆ መኪናን ሊያሳድድ አይችልም። በማቋረጫ ላይም ቅድሚያ የሚሰጠው ለባቡር ነው። ይሁን እንጂ «ጥፋተኛው አሽከርካሪው ነው» የሚለው ፍርድ አደጋው ለምን እንደ ደረሰ አያስረዳም። ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም ለማድረግ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ማብራሪያ ነው።

ባቡር ቶሎ የማይቆመው ለምንድን ነው?

የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር በመካከላቸው ያለው ሰበቃ አነስተኛ ነው። ባቡር ብዙ ሺህ ቶን ጭነት በአነስተኛ ጉልበት ለመጎተት የሚችለው በዚህ ባሕርይ ነው። ዳሩ ግን ለጉዞ የጠቀመው ባሕርይ ለማቆም እንቅፋት ይሆናል። በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ረጅም የጭነት ባቡር ፍሬን በሙሉ ኃይል ከተያዘ በኋላ እንኳ ለመቆም ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ የባቡሩ ነጂ በሐዲዱ ላይ መኪና ሲያይ ጡሩምባ ከመንፋትና ፍሬን ከመያዝ ሌላ ምርጫ የለውም።

ዓይን ሲያታልል

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሐርሸል ሊቦዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ ግዙፍ አካላት ከትናንሾቹ ይልቅ በዝግታ የሚጓዙ መስለው እንደሚታዩ፣ ይህም በማቋረጫዎች ላይ አሽከርካሪዎችን ሊያሳስት እንደሚችል አመልክተዋል። ትልቅ አውሮፕላን ሲያርፍ ከትንሹ ይልቅ የሚንቀረፈፍ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጂኦሜትሪያዊ ነው። 3 ሜትር ስፋት ያለው ባቡር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 28 ሜትር ያህል እየተጓዘ ወደ እኛ ይመጣል እንበል። 500 ሜትር ላይ ሳለ ከዓይናችን ጋር የሚሠራው ዘዌ 0.34 ዲግሪ ነው። ከ9 ሰከንድ በኋላ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ዘዌው ገና 0.69 ዲግሪ ይሆናል። ሊደርስ 1 ሰከንድ ሲቀረው ግን ከ6 ዲግሪ ያልፋል። እንግዲህ አሽከርካሪው ውሳኔ በሚሰጥበት ጊዜ ለውጡ እምብዛም አይታይም፤ ጎልቶ የሚታየው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

የፎክስ ሪቨር ግሮቭ አደጋ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1995 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በፎክስ ሪቨር ግሮቭ አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሐዲዱን ተሻግሮ በቀይ የትራፊክ መብራት ፊት ቆመ። በሐዲዱና በመስቀለኛው መንገድ መካከል ያለው ቦታ ግን አውቶቡሱን በሙሉ የሚይዝ አልነበረም። ወደ ኋላ የቀረውን የአውቶቡሱን ጫፍ ባቡር መታው፤ 7 ተማሪዎችም ሞቱ።

በዕለቱ መደበኛውን አሽከርካሪ ተክታ የምትነዳው ሴት የመኪናዋ ጀርባ በሐዲዱ መስመር ላይ እንዳለ አላወቀችም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራውን በእርሷ ላይ ብቻ አልወሰነም። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር የመስመሩን አደጋ ለይቶ ለአሽከርካሪዎቹ አላሳወቀም ነበር። የመንገዱ ባለሥልጣንም የቦታውን ጥበት ተረድቶ ማስተካከያ አላደረገም። ባቡር ሲቃረብ የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ መኪኖችን እንዲያሳልፍ ከባቡሩ ምልክት ጋር ተያይዞ ነበር፤ ነገር ግን የተረፈው ጊዜ በቂ አልሆነም። ሁለቱን ምልክቶች የሚያስተዳድሩት ወገኖችም በሚገባ አልተነጋገሩም።

ወቀሳና ምክንያት

ይህ ሁሉ የአሽከርካሪን ኃላፊነት አይሰርዝም። ከሐዲዱ ማዶ ለመኪናው የሚበቃ ባዶ ቦታ መኖሩን ሳያረጋግጥ ወደ ማቋረጫ መግባት የለበትም፤ ባቡሩ የሚደርስበትንም ጊዜ በዓይኑ ገምቶ መሽቀዳደም አይገባውም። ሆኖም ወቀሳና ምክንያት አንድ አይደሉም። አሽከርካሪውን ቀጥቶ ጉዳዩን መዝጋት አንድ ሰው ከመሪው ላይ ያነሣል፤ ጠባቡ ቦታና አጭሩ የመብራት ጊዜ ግን የሚቀጥለውን አሽከርካሪ በዚያው ይጠብቃሉ።