የኮምፒዩተር ትኩሳትና መድኃኒቱ

ልጆች ለፈተና በሚዘጋጁበት ሰሞን የቤቱ ኮምፒዩተር ድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሲያበሩት ጥቂት ደቂቃ ይሠራና መልሶ ይጠፋል። በዚህን ጊዜ የብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ ሐሳብ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል፤ ሌላ እንግዛ» የሚል ነው። ለመሆኑ በእርግጥ ተቃጥሏልን?

ውድ አንባብያን! ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩን ስሌት ሁሉ የሚያከናውን ክፍል ነው። የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየም 15 ዋት ገደማ ይፈጅ ነበር። በዛሬዎቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ውስጥ 65 ዋትና ከዚያ በላይ የሚፈጁ ፕሮሰሰሮች የተለመዱ ናቸው። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ከማይበልጥ ቦታ ነው።

ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ አለው። በመጀመሪያ በፕሮሰሰሩ ላይ በተቀባው ፔስት በኩል ያልፋል፤ ከዚያ ሂትሲንክ ወደሚባለው ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ይሻገራል፤ በመጨረሻም ፋኑ አየር እየነፋ ያስወጣዋል። አቧራ ክንፎቹን ሲደፍን፣ ፔስቱ ሲደርቅ ወይም ፋኑ ሲቆም መንገዱ ይዘጋል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች ደግሞ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ፋኑ ሙቀት የማስወጣት አቅሙ ይቀንሳል።

የዘመኑ ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል፤ ካልበረደለትም ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። እንግዲህ መጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ራሱን ከቃጠሎ ማዳኑ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በቅድሚያ የልጆቹን ሥራ ወደ ፍላሽ መገልበጥ፤ ከዚያም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ሶኬቱን መንቀል። ሽፋኑን ከፍቶ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ። ይህ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካልበቃ ሂትሲንኩን በቀስታ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ በኃይል ከተነቀለ ፕሮሰሰሩን ይዞ ሊወጣ ይችላል። አሮጌውን ፔስት ንጥረ ነገሩ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ጠርጎ፣ ሲደርቅ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት መሀል ላይ ማድረግ። ማብዛት አይጠቅምም። ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቁ ማጥበቅ። ሂትሲንክ ሳይገጠም ግን ኮምፒዩተሩን ፈጽሞ ማብራት አይገባም።

ላፕቶፕ ከሆነ መክፈቱ ሙያ ይጠይቃልና ለባለሙያ ይሰጥ። ባለሙያው «ፕሮሰሰሩ ተበላሽቷል» ቢል እንኳ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት «አቧራው ተጠርጓል? ፔስቱ ተቀይሯል? ፋኑ ይዞራል?» ብለን እንጠይቅ። የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ቤተሰቡን ከከንቱ ወጪ፣ ልጆቹንም ከጥናት መስተጓጎል ሊያድን ይችላል።