ስለ አውቶሞቢል ማደሪያ ቤት ወለል

የቤት ንጽሕና በእንግዳ መቀበያው ክፍል ብቻ የሚፈጸም አይደለም። አውቶሞቢል የሚያድርበት ጋራዥ ወለል ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የፈሰሰውን ዘይት ይጠጣል፥ ሲሚንቶውም እየተፈረፈረ አቧራው በሰው እግር ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ይህን ለመከላከል ኢፖክሲ የተባለው ቅብ በብዙ አገር ይሠራበታል። ስለ አሠራሩ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጽ አስበናል።

ኢፖክሲ እንደ ተራ ቀለም በመድረቅ ብቻ የሚጠነክር አይደለም። በሁለት ዕቃ ይሸጣል፤ አንዱ ሙጫው፥ ሁለተኛው ማጠንከሪያው ነው። ሁለቱ በታዘዘው ልክ ሲዋሐዱ ሙቀት እየሰጡ ወደ ጽኑ ነገር ይለወጣሉ። ጥበቡ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት የስዊሱ ፒየር ካስታንና አሜሪካዊው ሲልቫን ግሪንሊ በየበኩላቸው ከሠሩት ምርመራ የተገኘ ነው።

ቅቡ ሲላጥ ባለቤቱ ሻጩን ይወቅሳል፤ ዳሩ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቅቡ በታች ነው። አዲስ የፈሰሰ ሲሚንቶ ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው መቀባት አይገባም። የቆየውም ቢሆን ከመሬት የሚወጣ እርጥበት እንዳለበት አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ይኸውም በየጎኑ 45 ሳንቲሜትር የሚሆን ላስቲክ በወለሉ ላይ ዘርግቶ፥ ዙሪያውን በፕላስተር ዘግቶ፥ ቢያንስ 16 ሰዓት ማቆየት ነው። ላስቲኩ ከውስጥ ካላበው ወይም ሲምንቶው ከጠቆረ ሥራው ይቆይ፤ ውሃው ቅቡን ከታች ገፍቶ ያነሣዋልና። ስለዚህ በአገራችን ሥራው ከክረምት በኋላ፥ መሬቱ ሲጠነፍፍ ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ የዘይቱ እድፍ በሳሙና ታጥቦ ይወገድ፤ የለሰለሰውም ገጽ በመፋቂያ መኪና ይሻከር። መሰናዳቱን ለማወቅ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው፤ ውሃው ፈጥኖ ከሰረገ መልካም፥ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቀረ ግን ዘይት አለበት ማለት ነው።

የተቀላቀለው ኢፖክሲ በባልዲ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ሊጠጥር ይችላል። ስለዚህ ጥቂት በጥቂት እየቀላቀሉ፥ ከውስጠኛው ግድግዳ ጀምረው ወደ በሩ እያፈገፈጉ በሩሎ መቀባት ነው። ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ በደንብ አይጠነክርምና በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ ይሻላል። ዝናብ ባረጠበው ጫማ ሰው እንዳይንሸራተት፥ ይልቁንም ለአረጋውያን ሲባል፥ ቅቡ ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ ይነስነስበት።

ከሁሉ በላይ የሠራተኛው ጤና ይታሰብ። ሲፋቅ የሚነሣው የሲሚንቶ አቧራ ሳንባን ይጎዳል፤ ያልጠነከረው ኢፖክሲም ቆዳን ያሳክካል። አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው ከዚያ ወዲያ በጥቂቱም ቢነካው ይታመማል። እንግዲህ የቤት ጌታ ለአሽከሩም ሆነ ለቀጠረው ቀቢ ጓንቲ፥ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳይሰጥ፥ በሩንም ሳያስከፍት ሥራውን ማዘዝ አይገባውም። ሕፃናትም ይራቁ።

የተቀባውን ወለል ከአንድ ቀን በኋላ በእግር መርገጥ ይቻላል። አውቶሞቢሉ ግን እስከ አንድ ሳምንት በውጭ ይደር፤ የጋለ ጎማ ያልበሰለውን ቅብ ነቅሎ ያነሣዋልና። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለ፥ በዚህ ሥራ ትዕግሥት ከገንዘብ ይበልጣል።