ግሬደሩ ሲቆም መንገዱም ይቆማል

በደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች ክረምት ሲገባ መንገድ የሚዘጋው ጭቃና ናዳ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጉና ተራራ በረዶ ቢጥልም ፀሐይ ስትወጣ ስለሚቀልጥ ጠራጊ አያሻውም። በረዶ ተከምሮ በሚከርምባቸው አገሮች መንገድ ከሚጠርጉት መኪናዎች አንዱ ግን እኛ ዘንድ ጭቃ የሚገፋው ያው ግሬደር ነው። እዚያም ሆነ እዚህ መኪናው የሚበላሸው ሥራ በበዛበት ወቅት ነው።

በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ ደብረ ታቦርን ያቋርጣል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም በገጠር ተደራሽ መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን የሚያገናኙ ጥርጊያ መንገዶች ተሠርተዋል። እነዚህ በየጊዜው ካልተጠገኑ ማዳበሪያው ከዘር በፊት አይደርስም፤ ምጥ የያዛት እናትም ሆስፒታል የምትደርሰው በቃሬዛ ይሆናል።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች «ግሬደር ይላክልን» ሲሉ «ማን ይነዳዋል? ማንስ ይጠግነዋል?» ብለውም መጠየቅ ይገባቸዋል። ሙያተኛ ማሠልጠን ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት መድፍ ሲያሠሩ፣ የአገር ልጆች ከአውሮፓውያኑ ጎን ሆነው እጃቸውን እንዲያፍታቱ አድርገዋል። በኋላ ዘመንም የዓለም ገና ማሠልጠኛ ለመንገድ ሥራ ኦፕሬተሮችንና መካኒኮችን አፍርቷል።

ኦፕሬተሩና መካኒኩ አብረው ቢሠለጥኑ ይመረጣል፤ ብልሽቱን ቀድሞ የሚሰማው ነጂው ነውና። ጠዋት ሞተር ሳያስነሣ ዘይቱንና ውኃውን ይለካል፤ ከናፍጣው ማጣሪያ ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ያፈስሳል። ጥቁር ጭስ ካየ የአየር ማጣሪያው በአቧራ መታፈኑን ይጠረጥራል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ይህ ጭስ ቶሎ ይታያል፤ አዲስ ነጂ «ሞተሩ አረጀ» ብሎ እንዳይደነግጥ መማር አለበት።

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ግን ሌላ ነው። አፈር በሚገፋው ሰፊ ብረት ሥር በብሎን የሚታሰር ተቀያሪ ስለት አለ። ስለቱ ሲያልቅ በጊዜው ካልተለወጠ ዋናው ብረት ራሱ ይበላል፤ ይህን ማደስ ደግሞ ስለት እንደ መቀየር ቀላል አይደለም። በሐምሌ ከተማ ወርዶ ስለት ከመፈለግ በግንቦት ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ሕዝቡ ለመርዳት ይሰበሰባል፤ መልካም ነው። ሆኖም ብረቱ መሬት ላይ ሳያርፍና ሞተሩ ሳይጠፋ ማንም ከሥሩ አይግባ። የዘይት ቱቦው ከፈነዳ ያ ብረት ድንገት ይወርዳል።