መመሪያው «ክረምት» ሲል የአምቦን ክረምት ማለቱ አይደለም

ከውጭ ከሚገቡ ሃይድሮሊክ የቆሻሻ መጭመቂያዎችና ገንዳ ማንሻ መኪናዎች ጋር የሚመጣው የአጠቃቀም መመሪያ ብዙውን ጊዜ «ከክረምት በፊት» የሚል ምዕራፍ አለው። ቀጭን ዘይት ይደረግ፣ የራዲያተሩ ውኃ በረዶ እንዳይሆን መድኃኒት ይጨመር፣ የዘይቱ ታንክ ማሞቂያ ይገጠምለት ይላል። ተርጓሚው አልተሳሳተም፤ መዝገበ ቃላቱም ቃሉን የሚፈታው «ክረምት» ብሎ ነው። ክረምቱ ግን የሰው ሀገር ክረምት ነው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በሆለታ ከሰኔ እስከ መስከረም ማሽን የሚገድለው ውርጭ ሳይሆን ውኃ ነው። ብርዱ የሚመጣው ደግሞ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በበጋው ወራት ነው። ይህን ሳይለይ መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ ባለ ንብረት ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንድ ጊዜ ለማያስፈልገው ዘይት፣ ሌላ ጊዜ ሳይጠነቀቅለት ለቀረው ዝናብ።

ጉዳዩ የማዘጋጃ ቤቶች ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ለግል ባለ ሀብት በሩን ከከፈተ ወዲህ (አዋጁ በ2017 ዓ.ም በአዲስ ሕግ ተተክቷል) ቆሻሻ መሰብሰብና ውድቅዳቂ መነገድ ሥራ ሆኗል። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦ የሚታሸገው ማዕድን ውኃ በብርጭቆ ጠርሙስ ሲሆን ጠርሙሱ ይመለሳል። የፕላስቲኩ፣ ሕዝቡ «ሃይላንድ» የሚለው ግን አይመለስም፤ ከቆራሌው እጅ ወደ ሰብሳቢው፣ ከሰብሳቢው ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ያልተጨመቀ ሃይላንድ የጫነ አይሱዙ ደግሞ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው አየር ጭኖ ነው። መጭመቂያ ማሽን የሚያዋጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ መጋዘን ሲከራዩ የሚታሰበው ለዕቃው እንጂ ለማሽኑ አለመሆኑ ነው። ሚሊዮን ብር የፈጀው ማሽን ደጅ ያድራል፤ ካርቶኑ ቤት ያድራል።

የመለዋወጫው ዋጋ ይህን ልማድ ከቀድሞው ይበልጥ ውድ አድርጎታል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄደ። የሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ ቫልቭም ሆነ ጎሚኒ ከውጭ የሚገባ ነው። ሱማሌ ተራ ያልተገኘ ዕቃ ታዞ እስኪመጣ ማሽኑ ሲቆም ኪራዩና የሠራተኛው ደመወዝ አብረው አይቆሙም። ለንብረቱ ባለቤት ከዕቃው ዋጋ ይልቅ የሚከብደው ይህ ሥራ የፈታ ወር ነው።

ውኃው የሚገባበት መንገድ ደግሞ ሰው እንደሚያስበው በቀዳዳ ብቻ አይደለም። የዘይት ታንክ ይተነፍሳል። ጃኩ ሲዘረጋ በታንኩ ውስጥ ያለው ዘይት ይወርዳል፣ በመተንፈሻው ክዳን በኩል አየር ይሳባል፤ ጃኩ ሲመለስ አየሩ ይወጣል። በሐምሌ የሚሳበው አየር እርጥበት የጠገበ ነው። ማታ ታንኩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ወዝቶ ወደ ዘይቱ ይንጠባጠባል። ማሽኑ ቀን ሞቆ ማታ በቀዘቀዘ ቁጥር ይኸው ይደገማል። ከዘይቱ ከሺሕ አንድ እጅ ያህሉ ውኃ ሲሆን ዘይቱ መደፍረስ ይጀምራል፣ ሲብስ ወተት ይመስላል። 150 ሊትር በሚይዝ ታንክ ይህ ማለት 150 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ብርጭቆ እንኳ የማይሞላ ውኃ ነው። በዚያ ልክ የፓምፑ ብረት ይዝጋል፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው ፀረ መፋቅ ቅመም ይበላሻል፤ ፊልትሮው በዝቃጭ ይደፈናል።

መከላከያው ግን ርካሽ ነው። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ታንኩ ሥር ይዘቅጣል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የታችኛውን ቡሽ ጥቂት ላላ አድርጎ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ማፍሰስ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ፋይዳ የለውም፤ ዘይቱና ውኃው ተበጥብጠዋል። የተጠራጠረ ደግሞ ጥቂት ጠብታ ዘይት በጋለ ብረት ላይ ይጣል፤ ከተንጣጣ ውኃ አለበት። የመተንፈሻው ክዳን ከግንቦት ወር ሳያልፍ መቀየር አለበት። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ ታንክ ያለው ባለ ንብረት ዘይት ለመግዛት ባይቸኩል ይሻለዋል።

ቀጥሎ የሚጎዳው የጃኩ ዘንግ ነው። በክሮም የተለበጠው ይህ ዘንግ ተዘርግቶ ዝናብ ላይ ካደረ፣ በተለይም የቆሻሻ ጭማቂ ከነካው፣ ነጥብ ነጥብ እያለ ይዝጋል። እያንዳንዷ ነጥብ ዘንጉ በገባ በወጣ ቁጥር ጎሚኒውን እንደ ሞረድ ትፍቀዋለች። ስለዚህ ማሽን ሲቆም ጃኩ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ይቁም፤ የማይገባው ክፍል ግራሶ ይቀባ። በሸራ መጠቅለል ብቻውን አይበቃም፤ መሬት ድረስ የታሰረ ሸራ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ከሁሉም የሚሻለው ከላይ ቆርቆሮ፣ ከጎን ክፍት የሆነ ዳስ ነው። እጥበትም ልክ አለው። መኪናው ላቫጆም ይታጠብ ሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ በግፊት የሚረጨው ውኃ በጎሚኒው፣ በመተንፈሻውና በኤሌክትሪክ ሳጥኑ ላይ ካነጣጠረ ዝናቡ ያላደረገውን ያደርጋል።

በኤሌክትሪክ ለሚሠራው መጭመቂያ የክረምት መብራት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ጠፍቶ ሁለቱ ሲቀሩ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይቆምም፣ ከዚያ ይቃጠላል። መስመር ሲጎድል የሚያቋርጠው መከላከያ ሞተር ከማስጠቅለል በብዙ ይረክሳል።

አንድ ነገር ከገንዘብ በላይ ነው። በእነዚህ ማሽኖች ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ባር ይደርሳል፤ የቤት መኪና ጎማ ከ2 ባር ብዙም አይበልጥም። ፀሐይ ያሰነጠቀውና ዝናብ የውስጥ ሽቦውን ያዛገው ቱቦ እንደ መርፌ ቀዳዳ ሲያፈስ ዘይቱ ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ ትንሽ ስለሚመስል ሠራተኛው ፕላስተር ለጥፎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ዘይቱ ግን ሥጋ ውስጥ ገብቶ ጣት፣ አልፎም እጅ ያስቆርጣል። ፍሳሽ በካርቶን እንጂ በእጅ አይፈለግም፤ የተወጋም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። በገንዳ ማንሻው ላይ ደግሞ ቱቦ ቢፈነዳ ክንዱ ከነገንዳው ሊወርድ ይችላል።

ክረምት ሸክሙንም ይለውጣል። የከተሞቹ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብና የአትክልት ትርፍራፊ በመሆኑ ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል። ክፍያው በኪዩቢክ ሜትር የሆነ ተቋራጭ ለተመሳሳይ ገንዘብ የበለጠ ክብደት ያነሣል፤ በጊንጪ መረሬ አፈር ላይ ከተያዘ ደግሞ የቀኑ ምልልስ እዚያው ይቀራል። በርጥቡ የተጨመቀ ካርቶንም ሚዛን ላይ ቢከብድ ነጋዴውን ደስ አያሰኘው፤ ገዢው ፋብሪካ እርጥበቱን ለክቶ ይቀንስበታል።

«የክረምት ዘይት» እየተባለ ስለሚሸጠው ቀጭን ዘይትም አንድ ቃል ያስፈልጋል። በተለምዶ የሚሠራበት 46 ቁጥር ዘይት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በ40 ዲግሪ ከነበረው አምስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ይህ ፓምፕ የሚያቆም ውፍረት አይደለም። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሆለታ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ቢበርድም፣ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ማስኬድ ይበቃል። ቀጭኑ 32 ቁጥር ግን በቀትር፣ በተለይም ወደ ባኮ ቆላማ ቦታ ሲወረድ፣ እንደ ውኃ ቀጥኖ ፓምፑን ያስፍቃል። ሻጩ ምንም ቢል መታየት ያለበት ፋብሪካው በማሽኑ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው።

መስከረም ሲጠባ ያገለገሉ ማሽኖች ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ ደላላም ይበዛል። አዲስ ቀለም የተቀባ ማሽን ገዢን ያስደስታል፣ ክሮም ዘንግ ላይ የተቀባ ቀለም ግን ዝገት መደበቂያ ነው። ገዢው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት ይሂድ፤ የታንኩን ቡሽ አስከፍቶ በጥርት ብርጭቆ ያስቀዳ። ከዚያ ጃኩ ሸክም ተሸክሞ እንደተነሣ ሞተሩን አስጠፍቶ፣ ማንም ከሥሩ ሳይቆም፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቅ። ክንዱ ቀስ እያለ ከወረደ ጎሚኒው ወይም ቫልቩ አልቋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ ይኖርበታል። «ሞተሩን አስቀድሜ አሙቄልሃለሁ» የሚል ሻጭ ያጋጠመው ገዢ በማግሥቱ ሳይነገር ማልዶ ይመለስ።